የሦስት ዓመት የፕሮጀክቶች በጀት፦ በወር ይከፈል ወይስ በሩብ ዓመት?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የልማት ድርጅት ዕቅድ ክፍል እሠራለሁ። ሦስት ፕሮጀክቶች ይዘናል፦ መሐል ሜዳ የመማሪያ ክፍሎች፣ ሸዋ ሮቢት አነስተኛ መስኖ፣ አንኮበር የምንጭ ውኃ። የመማሪያ ክፍሎቹ ለጋሽ ዓመቱን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ ነው፤ የሌሎቹ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። ኃላፊዬ ሦስቱም ዓመት በወር በወር ተዘርዝሮ ይቅረብልኝ ይላሉ። ሂሳብ ክፍል ሩብ ዓመት ይበቃል ባይ ነው። የቱን ልያዝ? ጳጉሜንስ የት ትግባ?

ዳዊት፦
ሩብ ዓመት። ሪፖርት የሚጠየቀው በዚያው ነው፤ 36 ወር ሞልቶ ማን ይዘልቀዋል?

የመንዙ ሂሳብ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ዳዊት ስለ ሪፖርት ያለው ልክ ነው፤ ገንዘቡ ግን የሚወጣው በሪፖርት ቀን አይደለም። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። መሐል ሜዳ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የግንባታ ሥራ ይቆማል ማለት ይቻላል። መስከረም ሲጋመስ ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፣ ሲሚንቶ ይገዛል፣ የአንኮበሩም ቧንቧ ይታዘዛል። በሩብ ዓመት ካየሽው ሁሉም አንድ ድምር ነው፤ የሦስቱ ክፍያ የሚገጣጠምበት ወር አይታይሽም። ከድርጅቱ የራሱ መዋጮ የሚጎድለው ደግሞ በዚያ ወር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት በወር፣ ሁለተኛውን በሩብ ዓመት፣ ሦስተኛውን በጥቅል ያዢ። ኃላፊሽ ለምን ካሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016ን አስታውሺያቸው። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ለ2018 ግንቦት የተጻፈ የፓምፕ ዋጋ ምን ይረባ ነበር?

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 የከፈልሽው በእኛ የሁለተኛው ሩብ ዓመት ወጪ ነው፤ በፈረንጆቹ ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 2026 ስለሆነ የአዲሱ ዓመት በጀት ነው። ዓመቱን በሙሉ ወደ አንዱ አቆጣጠር ለመጠምዘዝ አትድከሚ። እያንዳንዱ ክፍያ በቀኑ ይመዝገብ፤ አጠገቡ ሁለት ዓምድ ይኑር፣ አንዱ ለእኛ ወር፣ አንዱ ለለጋሹ። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደምሪያት። ደመወዝ የ12 ወር ነው፤ የቀን ሠራተኛ ካለ ግን 5ቱም ቀን ይከፈልበታል፣ በየአራት ዓመቱም 6።

ደግሞ እባክሽ ዕቅዱን ርክክብ ላይ አትዝጊው። ክፍሎቹ ሰኔ ላይ ቢያልቁ እንኳ ከተቋራጩ ክፍያ ላይ ለዋስትና ተቀንሶ የተያዘው ገንዘብ የሚለቀቀው የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ሲያልቅ ነው። ውላችሁ አንድ ዓመት ካለ፣ ያ ክፍያ የሚመጣው በቀጣዩ በጀት ዓመት ማብቂያ ነው። ለጋሹ ያኔ ፋይሉን ዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ አሁኑኑ ጠይቂያቸው።

ሮቢት፦
እዚህ የገበሬው መዋጮ የሚሰበሰበው ማሾው ተሰብስቦ ሲሸጥ ነው። በክረምት ገቢ ብለሽ እንዳትጽፊ። ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጋር ወሩን ተነጋገሪ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የታኅሣሥ 25ቱን ለሂሳብ ክፍልም አሳያቸዋለሁ። ሁለተኛውን ዓመት ወደ ወር የምዘረዝረው መቼ ነው?

የመንዙ ሂሳብ ሠራተኛ፦
የሩብ ዓመቱ ሂሳብ በተዘጋ ቁጥር አንድ አዲስ ሩብ ዓመት ወደ ወር ይዘርዘር፤ ከፊትሽ ሁልጊዜ 12 ወር ይኖራል። ሰኔን አትጠብቂ። ሰኔ ላይ ሁሉም በጀት ለመጨረስ ይሯሯጣል፣ የሚያስረዳሽ ሰው አታገኚም።