ለሦስት መሣሪያ ርካሽ ጥይት እንዴት ልምረጥ?

ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። ፈቃድ ያላቸው ሦስት መሣሪያዎች አሉኝ፤ 9 በ19 ሚሊሜትር ሽጉጥ፣ .22 ኤል አር ጠመንጃ እና ባለ 12 ጌጅ ሾትገን። ሁሉም ለዒላማ ልምምድ ናቸው፤ ግን ጥይቱ ኪሴን እያራቆተው ነው።

የ.22ቱ ብዙም አያስጨንቀኝም፣ ከሦስቱ ርካሹ እሱ ነው። ጠመንጃዋ ግን አመለኛ ናት፤ አንዱን ዓይነት ያለ ችግር ትተኩሳለች፣ ሌላውን ሳጎርሳት ቀለሁ (የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቅርፊት) ሳይወጣ ይቀረቀራል። ታዲያ 500 ፍሬ በአንዴ ከመግዛቴ በፊት ስንት ብሞክር ይበቃል? ለሾትገኑ 7½ ወይም 8 ቁጥር የሚባለው ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ ለሸክላ ዒላማ ስለሚሆን እሱን ተዉት።

ራሴን ያዞረኝ የ9 ሚሊሜትሩ ነው። የብረት ቀለህ ያለው ብዙውን ጊዜ ከናሱ ይረክሳል፤ ግን አንዳንድ የተኩስ ሜዳዎች አያስገቡትም፣ ብረት እንደ ናስ ስለማይለጠጥም ጭሱ ወደ ኋላ እየሸሸ መሣሪያውን ያቆሽሻል ይባላል። ናሱ ደግሞ ተለቅሞ እንደገና ሊሞላ ይችላል። ታዲያ የመሙያ መሣሪያውን ዋጋ ስንደምርበት በእርግጥ ያዋጣል ወይስ በጅምላ የፋብሪካ ጥይት መግዛት ይሻላል?

ደግሞ አንዱ ሻጭ 20፣ ሌላው 50 ፍሬ ያሽጋል፤ ለአንድ ፍሬ አካፍዬ፣ የማጓጓዣውን ጨምሬ ሳሰላ ርካሽ የመሰለኝ ሁሉ ይወደዳል። እናንተ ስታወዳድሩ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው?