ኦኬቲ3 ተጨምሮ የቲ ሴሎች ካልሲየም የማይነሳው ለምንድን ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ከሰው ደም በፊኮል (የደም ሴሎችን በክብደታቸው በሚለይ ፈሳሽ)፣ ቀጥሎም በማግኔት ሞኖሳይቶችና ቢ ሴሎች ተወግደው የተለዩ ቲ ሴሎች ናቸው። ካልሲየም ሲያገኝ የሚያበራ ቀለም፣ ፍሉኦ-4 ኤኤም 2 ማይክሮሞላር፣ በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል። ፍሎው ሳይቶሜትር (የእያንዳንዱን ሴል ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ላይ ለ60 ሰከንድ መነሻው ከተነበበ በኋላ በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮግራም ኦኬቲ3 (የቲ ሴል ተቀባይ አካል የሆነውን ሲዲ3 የሚይዝ አንቲቦዲ) ሲጨመር መስመሩ ንቅንቅ አይልም። ተቀባዩን ሳይነካ ካልሲየምን በቀጥታ የሚያስገባው አዮኖማይሲን ሲጨመር ግን ወዲያው ይሰቀላል። ያው አንቲቦዲ በዚያው መጠን፣ ገና ባልተለዩት ሴሎች ላይ ሲሆን በ3 ቀን ውስጥ ቲ ሴሎቹን በደንብ ያባዛቸዋል። ምን ጎደለ?

መልስ 1
የጎደሉት ሞኖሳይቶቹ ናቸው። ኦኬቲ3 የአይጥ አይጂጂ2ኤ ነው፤ ጭራውን የሞኖሳይት ኤፍሲ ተቀባይ (የአንቲቦዲ ጭራ የሚይዝ ፕሮቲን) ይይዘውና ብዙ አንቲቦዲ አንድ ቦታ ላይ ይሰበስባል። ብቻውን ሲሆን ሁለት ክንዱ ቢበዛ ሁለት የቲ ሴል ተቀባይ ነው የሚያያይዘው፤ ያረፈ ቲ ሴል በዚህ ብዙም አይነቃም። ተቀባዮቹ ሲጠጋጉ ነው ኤልሲኬ የተባለው ኢንዛይም በተቀባዩ የሲዲ3ና የዜታ ጅራቶች ላይ ፎስፌት አጥብቆ የሚለጥፈው። ሌላው ኢንዛይም ዛፕ-70 እዚያ ይቀመጣል፣ ላት በተባለ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይጨምራል፤ ፒኤልሲ-ጋማ1 የተባለው ኢንዛይም መልእክተኛውን ሞለኪውል አይፒ3ን ቆርጦ ያወጣል፤ የሴሉ የካልሲየም ጎተራም ይከፈታል።

ስለዚህ ኦኬቲ3ን በረዶ ላይ ለ15 ደቂቃ አስይዙና በቀዝቃዛ በፈር እጠቡ፤ ሳይታጠብ የቀረው ሁለተኛውን አንቲቦዲ ይሻማል። 37 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ አሙቁ፣ መነሻውን አንብቡ፣ ከዚያ ኦኬቲ3ን እንዲሰበስብ በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም የፍየል ፀረ-አይጥ አንቲቦዲ ጨምሩ። ቢያንስ 5 ደቂቃ ንባቡን አታቋርጡ።

መልስ 2
ትክክል ነው፤ ግን አዮኖማይሲኑ እንዳያታልላችሁ። ውጭ ካልሲየም ባይኖርም ከውስጥ ያለውን ስለሚያፈስ መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ይነሳል። ወጥቶ ከቆየ በፈሩ ደህና ነው፤ ተነስቶ ቶሎ ከወረደ ካልሲየም የለውም። የማግኔት መለያ በፈር ብዙውን ጊዜ ካልሲየምን የሚይዝ 2 ሚሊሞላር ኤዲቲኤ አለበት፤ ሁለት ጊዜ አጥባችሁ 1 ሚሊሞላር ካልሲየም ባለው ሃንክስ በፈር ውስጥ ሴሎቹን አድርጉ።

ጠያቂ
ሲዲ4 ያላቸውን ቲ ሴሎች ለመለየት ቀለም የተያያዘበት የአይጥ አንቲቦዲ ብጠቀምስ?

መልስ 2
ከፀረ-አይጥ ጋር አይሆንም። ሲዲ4ንም ከሲዲ3 ጋር አንድ ላይ ይጎትተዋል፤ ሲዲ4 ደግሞ ኤልሲኬን ይዞ ስለሚመጣ ምልክቱ ከእውነተኛው በላይ ይጎላል። ባዮቲን ያለበት ፀረ-ሲዲ3 ወስዳችሁ ባዮቲንን አጥብቆ በሚይዘው ስትሬፕታቪዲን ሰብስቡት፤ የሲዲ4ቱ ላይ ባዮቲን አይኑር። ሌላውን ፀረ-ሲዲ3 አንቲቦዲ፣ ዩሲኤችቲ1ን፣ ለማቅለሚያ አትንኩት፤ የኦኬቲ3ን ቦታ ይይዝበታል።