ስሠራበት ደህና የሆነ፣ ትቼው ስነሳ የሚጠፋ ኮምፒውተር

የባሕር ዳሯ ጸሐፊ

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ማመልከቻ፣ ውል፣ የሠርግ ጥሪ እተይባለሁ። ኮምፒውተሬ የተገጣጠመ ዴስክቶፕ ነው፦ ኮር አይ ፋይቭ 4460፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10። አሮጌ ነው። ግን እንጀራዬ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ስተይብበት ምንም አይሆንም። ፎቶ ኮፒ ላነሳ ዞር ስል ወይ ቡና ላፈላ ስነሳ፣ ሳይነካ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ከቆየ ድርግም ይልና እንደ አዲስ ይነሳል። ሰማያዊ ስክሪን አያሳይም፤ የስህተት ጽሑፍም የለም። መጀመሪያ መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር። ግን አምፖሉ በርቷል፤ ፎቶ ኮፒ ማሽኑም እየሠራ ነው።

ሐሙስ ዕለት የአንዲት ተማሪ 14 ገጽ ይዞብኝ ሄደ። በማግስቱ የምታስረክበው ነበር። ፊቷን ሳየው አንጀቴን በላችው። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጨረስኩላት።

ጥገና ቤት ሁለት ጊዜ ወስጄዋለሁ። «ሙቀት ነው» ብለው አቧራውን ነፉት፣ የፕሮሰሰሩን ፔስት ቀየሩ፣ ራሙን በላጲስ ጠረጉ። በሁለተኛው ጊዜ ፎርማት አደረጉት። ሱቅ ስመልሰው ያው ነው።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ቅዳሜ ልጄ ፊልም ከፍቶበት ሦስት ሰዓት ሙሉ አልጠፋም። እሱ ዘግቶ ሲወጣ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ሥራ ሲፈታ ነው እንዴ የሚታመመው?

የአዳማው

እህቴ፣ መጀመሪያ ስሊፕን አጥፊው። ኮንትሮል ፓነል ገብተሽ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ «ኔቨር» አድርጊው። ሃርድ ዲስኩም እንዳይተኛ አድርጊ። አሮጌ ማሽን አንዴ ከተኛ መነሳት ሲያቅተው ብዙ አይቻለሁ።

የባሕር ዳሯ ጸሐፊ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሁለቱንም አደረግኩ። ስክሪኑ ብቻ እንዲጠፋ ተውኩት። ዛሬ ምሳ በልቼ ስመለስ እንደገና ጠፍቶ ተነስቶ አገኘሁት።

ብየዳ

እህቴ፣ ትልቁን ፍንጭ የሰጠሽ ልጅሽ ነው። ሙቀት ቢሆን ኖሮ መጥፋት የነበረበት ፊልሙ ላይ ነው። ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር ቀዝቃዛ ነው። ቫይረስም አይደለም፤ ፎርማቱ ምንም ካልቀየረ ሶፍትዌሩን ለጊዜው እንተወው።

ሁለት ነገር እይልኝ። አንደኛ፣ ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ በሚመዘግብበት ኢቨንት ቪወር ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል አለ? ሁለተኛ፣ ፓወር ሰፕላዩ (ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያድለው ሣጥን) ተቀይሮ ያውቃል? የጎኑን ክዳን ከፍተሽ ተለጣፊው ላይ ያለውን ዓመት አንብቢልኝ። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን ግን አደራ እንዳትከፍቺ። ገመዱ ተነቅሎም ውስጡ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይቀራል።

የባሕር ዳሯ ጸሐፊ

41 በሽ ነው። ቀይ ምልክት ያለው፣ ከጠፋባቸው ሰዓቶች ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል።

ፓወር ሰፕላዩ ተቀይሯል። ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። ሠራተኛው ከሌላ አሮጌ ማሽን ነቅሎ አስገባልኝ። ተለጣፊው በፈረንጆቹ 2008 ይላል። አሁን ሳስበው መጥፋት የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ በመብራት ሳመካኝ ከረምኩ።

ብየዳ

41 ማለት ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ተቋርጦ ተነሳ ማለት ብቻ ነው። ምክንያቱን አይነግርሽም። ምክንያቱን የነገረን ተለጣፊው ይመስለኛል።

ፕሮሰሰርሽ ሃስዌል ከሚባለው የኢንቴል ትውልድ ነው። በፈረንጆቹ 2013 መውጣት የጀመረ ነው። ሥራ ሲያጣ ደረጃ በደረጃ ይተኛል። ደረጃዎቹ ሲ ስቴት ይባላሉ። ሲ1 ማሸለብ ነው፤ ሲ6 እና ሲ7 ከባድ እንቅልፍ ናቸው። በዚያ እንቅልፍ ውስጥ ፓወር ሰፕላዩ ከሚሰጠው የ12 ቮልት መስመር የሚስበው እስከ 0.05 አምፒር ሊወርድ ይችላል። ከሃስዌል በፊት የተሠሩ ብዙ ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ በዚያ መስመር ቢያንስ 0.5 አምፒር ይሳባል ተብሎ ነው የታሰቡት። አሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ጭነቱ ከዚያ ሲወርድ አንዳንዱ ቮልቴጁን አረጋግቶ መያዝ ያቅተዋል። ባዶ ጋሪ ኮረኮንች ላይ ሲዘል አይተሽ የለ? እንደዚያ ነው። ጥገና ቤት ያልጠፋው ሲፈትኑት ሥራ ስለሚያሠሩት ይሆናል።

አሁን ገንዘብ ሳታወጪ እንፈትን። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ደጋግመሽ ተጫኚ፤ ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ፣ ይከፈታል። ምንም ከመንካትሽ በፊት ገጹን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ሲፒዩ ኮንፊገሬሽን» ውስጥ ግቢ። ሲ6 እና ሲ7 የሚሉትን «ዲሴብልድ» አድርጊ። ሌላ አትንኪ። በኤፍ10 አስቀምጠሽ ውጪ። የመብራት ፍጆታው ትንሽ ይጨምር ይሆናል፤ ሥራሽን ግን አያዘገየውም።

የአዳማው

ትክክል ነው፣ እኔ ስሊፕ ላይ ብቻ ነበር ያተኮርኩት። እህቴ፣ እስከዚያው ዎርድ ላይ አንድ ነገር አስተካክዪ። የማዳኛ ኮፒ የሚይዘው በየ10 ደቂቃው ነው። «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» የሚለው ጋ ገብተሽ 1 ደቂቃ አድርጊው። 14 ገጽ ሁለተኛ አይጠፋብሽም።

የባሕር ዳሯ ጸሐፊ

ረቡዕ ማታ ሲ6ን እና ሲ7ን ዘጋኋቸው። አንድ ገጽ ከፍቼ ሳልዘጋው ቤቴ ሄድኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁን ከፍቼ ማውሱን ነካ ሳደርገው ገጹ እንዳለ መጣ፤ ጠቋሚው እንኳ ካቆምኩበት ቃል አልተንቀሳቀሰም። ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። 41 አንድም አልተጨመረም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሞቼ። አንዲት ተማሪ ላይ ዳግም አላሳፍርም።

አሁን አዲስ ፓወር ሰፕላይ ስገዛ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ብየዳ

እሰይ! ያገለገለ አትግዢ። ለአንቺ ማሽን 450 ዋት ይበቃል፤ ዋት ከማብዛት ይልቅ ዕቃው አዲስ መሆኑን አረጋግጪ። ካርቶኑ ላይ ከሃስዌል ጋር እንደሚስማማ ከተጻፈ እሰየው። አዲሱን ስታስገቢ ሲ6ን እና ሲ7ን መልሰሽ ክፈቺና አንድ ሌሊት ተይው። ከጠፋ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ትልቁ ሰሌዳ) ላይ ያሉትን ካፓሲተሮች፣ ትንንሾቹን በርሜል መሳይ ዕቃዎች፣ በስልክሽ ከቅርብ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አናቱ ያበጠ ካለ አሳይሻለሁ።