የአክስቴ ስልክ ላይ የተጫነው “የባንክ አፕ” አልጠፋ አለኝ፣ ገንዘብም ወጥቷል

የሐይቁ ልጅ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አስቸኳይ ነው፣ የምታውቁ እርዱኝ። አክስቴ ሐዋሳ ሱቅ አላት፣ የደንበኞቿን ክፍያ የምትቀበለው በሞባይል ባንኪንግ ነው። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ “አሮጌው አፕ ሊዘጋ ነው፣ አዲሱን አሁኑኑ ይጫኑ” ከሚል ጽሑፍ ጋር ኤፒኬ ፋይል (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ) ተለቀቀ። ሎጎውም ቀለሙም ቁርጥ የባንኩን ይመስላል። ጫነችው። ስትከፍተው “ለመቀጠል አክሰሲቢሊቲ ያብሩ” አለና ሴቲንጉን ራሱ ከፈተላት፣ አበራች። ከዚያ “እያሻሻልን ነው” ብሎ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ አይከኑም ጠፋ።

ጠዋት ስትነሳ ከሂሳቧ ለማታውቀው ሰው ገንዘብ ተልኳል። የባንኩ ሜሴጅ እንኳ ስልኳ ላይ የለም። ቅርንጫፍ ስትሄድ “ከራስሽ ስልክ፣ በራስሽ ፒን ነው የተላከው” አሏት። ፒኗን ግን ለልጆቿ እንኳ ነግራ አታውቅም። አሁን ስልኩ እኔ ጋ ነው። አፑን ላጠፋ ሴቲንግ ስገባ ገጹ በራሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፒኑን ከየት አገኙት? ይሄ ነገርስ እንዴት ነው የሚወጣው?

ባንኮኒ
ወንድሜ፣ ማጥፋቱ ይደርሳል። መጀመሪያ ዳታና ዋይፋይ ዝጋ፣ ሲሙንም አውጣ። ትሮጃኑ (ደህና አፕ መስሎ ገብቶ የሚሰርቀው ቫይረስ) ትእዛዝ የሚቀበለው ከሩቅ ስለሆነ መስመሩ ሲቆረጥበት ምንም መላክ አይችልም። ሲሙን ባለ በተን ስልክ ውስጥ ክተቱና ከዚያ ደውሉ። የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆነች 951 ነው፣ ቴሌብርም ካላት 127። “ፒን ቀይሩልኝ” አትበሉ፣ “ሞባይል ባንኪንጉ ይታገድ” በሉ። በተበከለው ስልክ ላይ አዲስ ፒን ብታስገባ አዲሱንም እዚያው ይወስዱታል።

ከዚያ ቅርንጫፍ ሄዳ በጽሑፍ ታመልክት። ቀኑ፣ የብሩ መጠን፣ የዝውውሩ ቁጥር ይኑርበት፣ ማኅተም ያረፈበት ኮፒም በእጇ ይቅር። ገንዘቡ ከገባበት ሂሳብ ገና ካልወጣ ሊታገድ ይችላል፣ ግን እያደር ተስፋው ይመነምናል፣ ዛሬውኑ ሂዱ። ፖሊስ ጋም አመልክቱ፣ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ግሩፑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍና የለጠፈውን አካውንት ሳይሰርዙት በፊት ስክሪንሾት አንሱ።

“ከራስሽ ስልክ ነው የወጣው” ማለት እኮ እሷ ላከችው ማለት አይደለም። ይህን የሚነግሯት ሠራተኞች ስለዚህ ዓይነት ስርቆት ሥልጠና ቢያገኙ ስንቱ ሰው ተሸማቆ ከመመለስ በዳነ!

አፕ ሠሪው
ፒኑን ማንም አልገመተውም። ራሷ ናት የጻፈችው፣ ግን የጻፈችበት ገጽ የባንኩ አልነበረም።

ትሮጃኑ እንደተጫነ ስልኩ ላይ ያሉትን አፖች ዝርዝር ለሌቦቹ ሰርቨር ይልካል። ለሚያውቃቸው ባንኮች የተዘጋጀ አስመሳይ ገጽ ይወርድለታል። አክስትህ ትክክለኛውን የባንክ አፕ ስትከፍት ያያታል፣ ወዲያው አስመሳዩን ከላይ ይደርባል። ፒን የሚጻፍበት ሳጥን ሳይቀር እዚያው ቦታ ላይ ነው። ጽፋ ስትጨርስ ገጹ ይነሳና ከሥሩ እውነተኛው አፕ ይመጣል፣ እሱም ፒን ይጠይቃል፣ “ተሳስቼ ይሆናል” ብላ ደግማ ታስገባለች እንጂ ምን ትጠረጥራለች?

ይህን ሁሉ የፈቀደለት ያ አክሰሲቢሊቲ የሚባለው ነው። የተሠራው ማየት ለተሳናቸውና ስክሪን መንካት ለሚቸገሩ ሰዎች ስለሆነ፣ ፈቃዱን ያገኘ አፕ ስክሪኑ ላይ ያለውን ያነባል፣ በባለቤቱ ፋንታ ይጫናል፣ ይጽፋል። ሌባ እጅ ከገባ ሌሊት ስክሪኑን አጨልሞ የባንኩን አፕ ይከፍታል፣ ፒኑን ይሞላል፣ ይልካል። ኦቲፒ (በሜሴጅ የሚላክ የአንድ ጊዜ ኮድ) ቢመጣም እሱው ያነበዋል፣ ሜሴጁንም ይደብቀዋል። ለባንኩ የሚታየው ሁልጊዜ የሚያውቀው ስልክ ነው። አንተንም ከሴቲንግ የሚያባርርህ እሱው ነው፣ አንተ በገባህ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ይጫናል።

ዘዴው የቆየ ነው። ዜውስ የተባለው ትሮጃን እንደ ፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ብራውዘር ውስጥ ተደብቆ፣ እውነተኛው የባንክ ድረ ገጽ ላይ የራሱን ሳጥን እየጨመረ የይለፍ ቃል ይሰበስብ ነበር። በ2011 ኮዱ አፈትልኮ ሲወጣ የሱ ዝርያ በዛ። ከዝርያዎቹ አንዱን፣ ጌምኦቨር ዜውስን፣ አንቀሳቅሷል ተብሎ የተከሰሰውን ኢቭጌኒ ቦጋቼቭን ለማስያዝ ለሚረዳ መረጃ የአሜሪካ መንግሥት እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። አሁን ባንኩ ወደ ስልክ ሲዞር ሌባውም ተከትሎ መጣ።

ቀጭኑ
አንቲቫይረስ ጫንበት፣ ስካን አድርገው፣ ያልቃል። ምን ያስጨንቃል?

አፕ ሠሪው
@ቀጭኑ አያልቅም። ኮምፒውተር ላይ ስካነር ብዙ ይሠራል፣ ስልክ ላይ ግን አክሰሲቢሊቲ የያዘ ትሮጃን አንቲቫይረሱንም ሊዘጋው ይችላል። መጀመሪያ ያንን ፈቃድ መቀማት ነው።

የሐይቁ ልጅ፣ በሴፍ ሞድ አስነሳው። ማጥፊያውን ቁልፍ ተጭነህ ያዝ፣ “ፓወር ኦፍ” የሚለው ሲመጣ እሱን በጣትህ ረዘም አድርገህ ተጫን፣ ሴፍ ሞድ ይጠይቅሃል። እዚያ ከውጭ የተጫነ አፕ አይነሳም። ሴቲንግ ገብተህ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ የማታውቀውን አጥፋ። ቀጥለህ ሴኩሪቲ ውስጥ “ዲቫይስ አድሚን” (ስልኩን የማስተዳደር ፈቃድ) የሚለውን እይ፣ እዚያም ካለ አንሳው፣ አለበለዚያ “አንኢንስቶል” አይሠራልህም። ከዚያ የአፖቹን ዝርዝር ፈትሽ። የባንክ ስም ይዞ አትጠብቀው፣ “አፕዴት” ወይም “ሲስተም” የሚል ስም ሊኖረው ይችላል።

ራይን ዳር
ከጀርመን ነኝ። እዚህ ፍሉቦት የሚባል ነበር፣ “ዕቃዎ ደርሷል” የሚል ሜሴጅ ይልክና ሊንኩን ስትነካ አፕ ያስጭናል፣ ከዚያ በራስህ ስልክ ለሌሎች ሰዎች ያንኑ ሜሴጅ ያሰራጫል። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆኖ አፈረሰው። ያኔ ለተያዘበት ሰው የተሰጠው ምክር ፋክተሪ ሪሴት (ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ማስነሳት) ነበር። እኔም እላለሁ፣ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ስልክ ከሆነ በማጥፋት ብቻ አትተማመን።

የሐይቁ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ባንኩ አግዶታል፣ ማመልከቻውም ገብቷል። በሴፍ ሞድ ስገባ “ሲስተም አፕዴት” የሚል አፕ አክሰሲቢሊቲም አድሚንም ሆኖ ተቀምጦ አገኘሁት። ነቀልኩት፣ ሴቲንጉ አሁን አይዘጋብኝም። ሪሴት ላድርገው ግን የልጆቿ ፎቶ አለበት፣ እሱስ?

አፕ ሠሪው
ጎበዝ። ፎቶና ቪዲዮውን ብቻ ኮምፒውተር ላይ ገልብጥ። የቴሌግራምና የዳውንሎድ ፎልደሩን እንዳለ አትገልብጥ፣ ኤፒኬው እዚያ ተቀምጧል። ከሪሴት በፊት የጂሜይሏን ፓስዋርድ ማስታወሷን አረጋግጥ፣ ሲነሳ እሱን ካልሰጠኸው ላይከፍትልህ ይችላል። ከዚያ የባንኩን አፕ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ጫን። ፒኑ፣ የጂሜይሉ ፓስዋርድ፣ የስልኩ መክፈቻ ሁሉም ይቀየር። ቴሌግራም ውስጥም “ዲቫይስስ” ገብተህ ከሷ ስልክ በስተቀር ሌላውን በሙሉ አስወጣ።

ባንኮኒ
እና ግሩፑ ውስጥ ላሉት ንገራቸው፣ የጫነው እሷ ብቻ አትሆንም። ለአስተዳዳሪው ጻፍለት፣ ፋይሉን ያንሳው።