ከሐዋሳ ዶርም ወደ አሜሪካ ዶርም፦ ከመፈረምሽ በፊት

ሰላም ለሁላችሁም። ከሐዋሳ የጻፈችልን እህታችን ጥያቄ ብዙ ወጣቶችን ስለሚመለከት ረዘም አድርጌ ልመልስ። ላላነበባችሁ፦ ሐዋሳ ውስጥ የተማሪዎች ዶርም ፕሮክተር፣ ማለትም ተቆጣጣሪ ናት። አሁን አሜሪካ ማስተርስ የመማር ዕድል አግኝታለች። ክፍያዋን የሚሸፍንላት ደግሞ እዚያው ዶርም ውስጥ የምትሠራው ሥራ ነው። እናቷ «ማስተርስ ብለሽ ሄደሽ ዘበኛ ልትሆኚ ነው?» ብለዋታል። እሷም ሥራው ዕድገት አለው ወይ፣ ኑሮውስ እንዴት ነው ትላለች።

እህቴ፣ እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፌያለሁ። አሁን ለእረፍት እዚሁ ሐዋሳ ነኝ፤ ሰሞኑን ከፕሮክተሮች ጋር ቡና እየጠጣን ስለዚሁ ጉዳይ ብዙ አውርተናል። ሥራው እውነተኛ ሙያ ነው። ነገር ግን ደመወዝሽ፣ ቤትሽ፣ ምግብሽና ቪዛሽ ሁሉም አንድ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላሉ። ይህን አውቀሽ ግቢ ነው የምልሽ።

በመጀመሪያ ለእናትሽ የምትነግሪያቸውን ልስጥሽ። በታችኛው እርከን ላይ አርኤ የሚባሉ የዲግሪ ተማሪዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የአንድ ፎቅ ልጆችን ይከታተላሉ። በምትኩ ማደሪያ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ምግብ ያገኛሉ። ከእነሱ በላይ ያለው ያንቺ ቦታ ነው፤ ግራጁዌት አሲስታንት ይሉታል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ነው። የትምህርት ክፍያን ሙሉውን ወይም ከፊሉን ይችልልሻል፣ መጠነኛ ደመወዝና መኖሪያም አለው። ማስተርስሽን ስትይዢ ሆል ዳይሬክተር ለሚባለው የሙሉ ጊዜ ሥራ ትወዳደሪያለሽ። እዚያ ሕንፃው በሙሉ በኃላፊነትሽ ሥር ነው። አርኤዎችን ትመርጫለሽ፣ ታሠለጥኛለሽ፣ በጀት ትይዣለሽ፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ትመለከቻለሽ። ከዚያ ረዳት ዳይሬክተር፣ የሀውሲንግ (የተማሪዎች መኖሪያ) ዳይሬክተር፣ የተማሪዎች ዲን እያለ ይወጣል። ሙያው ትናንት የመጣ አይደለም። ናስፓ የሚባለው የሙያ ማኅበር በ1919፣ ኤሲፒኤ ደግሞ በ1924 ነው የተመሠረቱት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የተማሪን ሕይወት ማስተዳደር ራሱን ችሎ በማስተርስ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው። እናትሽ ይህን ሲሰሙ ልባቸው የሚረጋ ይመስለኛል።

ፕሮክተርነትሽን ደግሞ እንዳትንቂው። እዚህ የአንዱን ዶርም በር ስትከፍቺ ከየክልሉ ተመድበው የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ታገኛለሽ። አንዷ ጾመኛ ናት። አንዷ በረመዳን ሌሊት ለሱሑር ትነሳለች። አንዷ አማርኛው ገና አልቀናትም። አንዷ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ታወራለች። ውኃ የጠፋ ለት በጀሪካን ጠብ ይነሳል። የምታስማሚያቸው አንቺ ነሽ። የእዚያኛውም ሥራ እምብርት ይኸው ነው።

ልዩነቱ እዚያ ነገሩ አስቀድሞ ወረቀት ላይ መስፈሩ ነው። አብረው የሚኖሩ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የስምምነት ቅጽ ይሞላሉ። መብራት ስንት ሰዓት ይጥፋ፣ እንግዳ መቼ ይግባ፣ የአንዷን ምግብ ሌላዋ ትንካ ወይስ አትንካ፤ ሁሉም ይጻፋል። ሲጣሉም ቅጹ ይወጣል። ጥሩ አሠራር ነው። ሆኖም ሁለት የተኳረፉ ልጆችን ፊት ለፊት አስቀምጦ በትዕግሥት የሚያዳምጥ ሰው ከቅጹ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ያንን ደግሞ እዚህ ከሽማግሌዎቻችንም ከሥራሽም ተምረሽዋል። ፍራሽና ሎከር መዝግቦ ማስረከብ፣ ቁልፍ መቆጣጠር፣ በዓመቱ መጨረሻ ክሊራንስ መፈረም፣ እነዚህም ሁሉ እዚያ አሉ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ግን አንድ ነገር ልምከርሽ። እኛ ስንናገር «እንዲህ አደረግን» ማለት ይቀናናል፤ «እኔ» ማለት ጉራ ይመስለናል። እዚያ የሚጠይቁሽ አንቺ ራስሽ ምን እንዳደረግሽ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ጀምረሽ የገጠሙሽን ጉዳዮች የተማሪ ስም ሳትጠቅሺ ጽፈሽ አስቀምጪ። ምን ተፈጠረ፣ አንቺ ምን አደረግሽ፣ በምን አበቃ። ለአሁኑ ቦታ ቃለ መጠይቁ ቢያልፍሽም፣ ነገ ለሆል ዳይሬክተርነት ስትወዳደሪ ያስፈልግሻል።

ለኛ ሰው በጣም የሚከብደው የምስጢር ጉዳይ ነው። እዚህ አንዲት ልጅ «እትዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ብላ ስታለቅስ፣ እንደ ታላቅ እህት ቃል ትገቢላትና በልብሽ ትይዥዋለሽ። እዚያ እንዲህ ያለ ቃል መግባት አትችይም። በ1972 የወጣ ታይትል ናይን የሚባል ሕግ አለ፤ በትምህርት ቤት በፆታ ምክንያት የሚደርስን መድልዎ ይከለክላል። ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃትም በዚሁ ሥር ይታያል። በዚህ የተነሳ የዶርም ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ ለሚመለከተው ክፍል የማሳወቅ ግዴታ ይጣልበታል። ስለዚህ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት «የምትነግሪኝን ነገር ለሌላ ሰው ማሳወቅ ሊኖርብኝ ይችላል፤ ምስጢር የሚጠብቅልሽ አማካሪ ካስፈለገሽ አብሬሽ እሄዳለሁ» ትያታለሽ። መጀመሪያ ላይ ጭካኔ ይመስላል። ግን አስቀድሞ እውነቱን መንገር ለልጅቷም ክብር ነው። ለቤተሰብም ቢሆን ሁሉ ነገር በቀላሉ አይነገርም። አባት ከሌላ ከተማ ደውሎ «ልጄ እንዴት ናት?» ቢልሽ እንደ ሐዋሳው ሁሉን ዘርዝረሽ አትነግሪውም፤ በ1974 የወጣው ፈርፓ የሚባል ሕግ የተማሪን መረጃ ይጠብቃል።

ስለ በር ደግሞ ይህን እወቂ። በሚያዝያ 1986 ፔንስልቬንያ ውስጥ በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ጂን ክሌሪ የምትባል የ19 ዓመት ተማሪ ዶርሟ ውስጥ ተገደለች። ገዳዩ ያለፈባቸው በሮች ተማሪዎች እንዳይዘጉ አስደግፈው የተዋቸው ነበሩ። ወላጆቿ ታግለው በ1990 በስሟ የሚጠራው ሕግ ወጣ። ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው የተፈጸመ ወንጀልን በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ሌሊት በምትዞሪበት ሰዓት በድንጋይ ወይም በወንበር የተደገፈ በር ስታዪ ሳትዘጊው አትለፊ። ተማሪዎቹ ቢያማርሩም።

ወደ ኑሮው ልምጣ። ቤትሽ ያለው ሥራሽ ውስጥ ነው። ተራሽ ሲደርስ የተረኛ ስልክ ይዘሽ ታድሪያለሽ። ቁልፍ የረሳ ልጅ ይደውላል። አንዱ ፈንዲሻ ያሳርርና የእሳት ደወሉ ሕንፃውን ሙሉ ወደ ውጭ ያወጣል። አንዳንዴም ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ልጅ ጋ ትጠሪያለሽ፤ እንዲህ ላለ ጊዜ ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ 988 የሚባል የስልክ መስመር አለ። ከእንዲህ ያለ ሌሊት በኋላ ጠዋት ክፍል ገብተሽ መማር ይጠበቅብሻል። ዓመቱ የሚጀምረው በነሐሴ ነው፤ ተማሪ ሳይገባ ሥልጠና፣ ከዚያ የመግቢያው ቀን፣ ከዚያም ናፍቆት የያዛቸው አዲስ ልጆች። እንቁጣጣሽም መስቀልም እዚሁ ግርግር ውስጥ ናቸው የሚውሉት። ገና ግን ብዙ ጊዜ ተማሪ እረፍት ላይ እያለ ይደርሳል፤ ለመሄድ ፈቃድ የሚገኘውም ያኔ ነው። ስለ ጾም አትስጊ፤ ብዙ የግቢ ካፌዎች ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ አላቸው።

እንግዳ ለኛ ከባድ ነገር ነው። የአክስትሽ ልጅ ከአገር ቤት መጥታ «ሥራ እስካገኝ አንቺ ጋ ልቀመጥ» ትልሻለች። ቤቱ ያንቺ ይመስላታል። ውሉ ግን እንግዳ የሚያድረው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው ይላል። ሕጉን ተማሪ ላይ የምታስከብሪው አንቺ ስለሆንሽ ደብቀሽ ማሳደር አትችይም። ለዘመዶችሽ ከአሁኑ በግልጽ ንገሪያቸው። ስታገቢም ባልሽ አብሮሽ መኖር ይችል እንደሆነ የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው።

አሁን ወደ ሚስማሩ። በኤፍ-1 ቪዛ፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ ትምህርት ባለበት ወቅት ግቢ ውስጥ መሥራት የምትችይው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ይህ ሥራ 20ውን ከጨረሰው ሌላ ሥራ የለም። «ቅዳሜና እሁድ ነዳጅ ማደያ ትሠሪያለሽ» የሚልሽን ሰው አትስሚ፤ ቪዛሽን ያሳጣሻል። ስትመረቂ ኦፒቲ የሚባል የ12 ወር የሥራ ፈቃድ አለ። የኛ መስክ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ስለማይመደብ የእነሱን ተጨማሪ 24 ወር አታገኚም። ከዚያ ቀጣሪ የሚያስጨርሰው ኤች-1ቢ የሚባል የሥራ ቪዛ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከዓመታዊው የ85,000 ኮታ ነፃ ናቸው፤ ሎተሪ አያስፈልጋቸውም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ችግሩ ለሆል ዳይሬክተር ቪዛ የማያስጨርስ ዩኒቨርሲቲ ብዙ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለሥራ ስትወዳደሪ ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ውይይት ላይ አንሺው። ሦስት ዙር ቃለ መጠይቅ አልፈሽ መጨረሻ ላይ «አናስጨርስም» ከመባል ይሻላል።

ሥራው ቢቋረጥ ደግሞ ደመወዙ በቆመበት ሰሞን ቤቱን ትለቂያለሽ፣ ቪዛሽም አብሮ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ኪራይ ስለማትከፍዪ ግን ገንዘብ መቆጠብ ትችያለሽ። ከሐበሾች ጋር ዕቁብ ግቢ። የመጀመሪያውን የዕቁብ ብር ሌላ ነገር ላይ አታውዪው፤ ለቤት ኪራይ ማስያዣና ለጥቂት ወራት መኖሪያ ይሁንሽ። ለአገር ቤት መላክ መልካም ነው፣ እሱ ግን ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ወረቀት ላይ ብዙ አልቆይም። የኮስት ሸሪንግ (የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት) ዕዳሽን ካልጨረስሽ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይያዝብሻል። ሬጅስትራር ጋ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂ። ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ የሚከፈለው 350 ዶላር ነው፤ ከቪዛው ክፍያ የተለየ ነው።

የተላከልሽን የቅጥር ደብዳቤ ደግሞ ከአንድ እንግሊዝኛ በደንብ ከሚያነብ ሰው ጋር ቁጭ ብለሽ እዪው። የትምህርት ክፍያው ስንት እጅ እንደተሸፈነ፣ የጤና መድኅን ማን እንደሚከፍል፣ ምግብ በእረፍት ጊዜም ይኖር እንደሆነ ፈልጊ። ከሁሉ በላይ ውሉ የስንት ወር እንደሆነ ተመልከቺ። ብዙዎቹ የ10 ወር ናቸው። ግንቦት ላይ ተማሪ ሲወጣ ያንቺም ክፍል ይዘጋል ማለት ነው፤ እስከ ነሐሴ የት እንደምትኖሪ ማንም አይነግርሽም። በክረምት ሥራ የሚቀጥሩ ክፍሎች ቢኖሩም አስቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል። ደብዳቤው ስለ ሰኔና ሐምሌ ማደሪያ ምንም የማይል ከሆነ፣ ሳትፈርሚ በኢሜይል ጠይቂያቸው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይስጡሽ።