ቆጣሪ ሲነቅል የተያዘው ልጅ በዋስ ወጣ፤ ልክ ነው?

ብሎክ 31፦ ጎረቤቶች፣ ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት የውሃ ቆጣሪ ነቅሎ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ሲሄድ ጥበቃዎቻችን የያዙት ልጅ ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። በ5,000 ብር ዋስ ወጣ አሉኝ። እኛ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ በጄሪካን እንሸከማለን። እስቲ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይፍረድ፦ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ዋስትና ይገባዋል? እኔ አይገባውም ባይ ነኝ።

ብሎክ 12፦ ካንተ ጋር ነኝ። የኔን ስፖኪዮ የነቀለውም እዚሁ ነው የሚዞረው። ፖሊስ ይይዛል፣ ዳኛ ይለቃል።

የሕግ ተማሪዋ፦ ንዴታችሁ ይገባኛል፣ ግን በዋስ ወጣ ማለት ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። መዝገቡ አለ፤ ከውጭ እየተመላለሰ ይከራከራል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(6) ዋስትናን መብት አድርጎ ነው ያስቀመጠው፤ ፍርድ ቤት የሚከለክለው ሕግ በደነገገው ልዩ ሁኔታ ነው። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67ን እዩት፤ ዋስትና የሚከለከለው፦ ግዴታውን አክብሮ የማይቀርብ ከመሰለ፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ ከተገመተ፣ ምስክር የሚያባብል ወይም ማስረጃ የሚያጠፋ ከሆነ። ተራ ስርቆት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ቀላል እስራት፣ ከከበደም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ብሎክ 31፦ «ሌላ ወንጀል ይሠራል» አልሽ አይደል? ሥራ የለው፣ ቤት የለው። ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?

የሕግ ተማሪዋ፦ ሥራ ማጣት ማስረጃ ከሆነ ግማሹ ሰፈር ይታሰራል። ደግሞ ዋስትና የሚከለክል ሕግ ከፈለግክ አለልህ፤ አዋጅ 384/1996፣ በአደገኛ ቦዘኔነት የተጠረጠረ በዋስ አይለቀቅም ይላል። ሃያ ዓመት አለፈው። ስፖኪዮ መነቀል ቀረ?

ብሎክ 12፦ 😂 አልቀረም።

ጡረታ የወጣው መምህር፦ ይህ ነገር የ1993ን አስታወሰኝ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና የተጠረጠሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ ይለቀቁ ብላ ስታዝ ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ተመልሰው ተያዙ። ወዲያው በሙስና የተጠረጠረ ዋስ የለውም የሚል ሕግ ወጣ። ያን ሰሞን ቡና ቤቱ ሁሉ «ይበላቸው» ሲል ነበር። እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም።

ብሎክ 31፦ ጋሼ፣ እኔ የማወራው ስለ ባለሥልጣን ሳይሆን ስለ ቆጣሪ ነው። ልጁ ደግሞ ራሱ አምኗል፣ ሁላችን ፊት።

ባጃጅ ነጂው፦ ከስንተኛው ጥፊ በኋላ?

ጥበቃ፦ እኔ አልመታሁትም። ሰው ግር ብሎ ወጥቶ ነበር።

ሻምበል (ጡረታ)፦ እዚህ ላይ ልግባ። ፖሊስ ምርመራ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ያበጠ ፊት ይዞ ችሎት የገባ ተጠርጣሪ መዝገቡን ያበላሸዋል። ተገዶ የሰጠው ቃል በማስረጃነት አይያዝም፤ ይኸው አንቀጽ 19 ላይ ተጽፏል። እናንተ ሌባውን የቀጣችሁት መስሏችሁ ነው፤ የመታችሁት ግን የዐቃቤ ሕጉን ክስ ነው። ሁለተኛው ነገር፦ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ማቅረብ አለብን። ዳኛው «ምን ቀራችሁ?» ይላል፤ «የምስክር ቃል» እንላለን፤ ቢበዛ 14 ቀን የምርመራ ጊዜ ይሰጠናል። ተመልሰን ስንቀርብም «የምስክር ቃል ይቀረናል»። ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ሕጉ ጣሪያ የለውም፣ ዳኛ ግን ይሰለቻል። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥም እለቀው ነበር። ምስክሮቹ የት ናቸው? ቤታቸው ተቀምጠዋላ።

ብሎክ 9፦ እናንተ የምትጽፉትን እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር። የኔን ልጅ አምና ስልክ ሰርቀሃል ብለው ያዙት። 11 ቀን በፌስታል ስንቅ አመላለስኩ። «ፈርም» ሲሉት ምን እንደተጻፈ ሳያነብ ፈረመ። ላለመናገር መብት እንዳለው የነገረው የለም። ኋላ ባለስልኳ መጥታ «እሱ አይደለም» አለች። ዋስ ባይፈቀድለት ኖሮ ፈተናው ያልፈው ነበር።

ብሎክ 31፦ እትዬ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ይቅርታ።

ባጃጅ ነጂው፦ አንድ ጥያቄ፣ እኔ ለገጣፎ ነው የማድረው። ከመንገዱ ወዲያ ብያዝ ሕጉ ሌላ ነው?

የሕግ ተማሪዋ፦ የወንጀል ሕጉ ያው የ1996ቱ ነው። ክልሎች የወንጀል ሕግ ማውጣት የሚችሉት የፌዴራሉ ባልሸፈነው ነገር ላይ ነው። የሚለያየው ፍርድ ቤቱ ነው፦ ወዲህ የፌዴራል፣ ወዲያ የኦሮሚያ፤ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። የማትችል ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ጠይቅ። ሳትጠይቅ ዝም ካልክ ማንም አያመጣልህም።

ባጃጅ ነጂው፦ እኔስ እችላለሁ፤ የሚጨንቀኝ ቋንቋውን የማይችሉት ተሳፋሪዎቼ ናቸው።

ብሎክ 31፦ እሺ ሻምበል፣ አሁን ይህ ልጅ ምን ሊሆን ነው?

ሻምበል (ጡረታ)፦ ክሱ ከተከፈተ መጥሪያ ይመጣል። ለማን ደረሰ?

ጥበቃ፦ ለእኔ። የፊታችን ማክሰኞ 3 ሰዓት። የሌሊት ፈረቃ ነኝ፣ ጠዋት 12 ነው የምወጣው፤ ልሂድ አልሂድ እያልኩ ነበር። ያኔ አብረውኝ የነበሩት ሁለቱ ሰፈር ለቀዋል።

ብሎክ 12፦ እኔ በመስኮት አይቻለሁ፣ ግን ስሜን እንዳታስገቡ።

ሻምበል (ጡረታ)፦ ይኸው።

ብሎክ 31፦ ማክሰኞ በኔ መኪና አብረን እንሄዳለን። ስፖኪዮ የለውም፣ ግን ያደርሳል። ከረጢቱን ሲጥል እኔም አይቻለሁ፣ ቃሌን እሰጣለሁ። ስለ ዋስትናው ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ እንዳትቆጥሩብኝ።