ጁሊያ ኳድሪፎሊዮን ከባሕር ዳር ጎንደር በፍጥነት መንዳት ይቻላል?

ጠያቂ፦
ጣሊያን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ኳድሪፎሊዮ የተባለ መኪና አለው። ሞተሩ 2.9 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ ሁለት ተርቦ ሲሆን ከ500 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 307 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ መኪና በወረታ አድርጎ ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ በፍጥነት ሊነዳ ይችላል?

የጣና ዳር ሹፌር፦
ሞተሩ ይችላል፤ መንገዱ ግን አይፈቅድም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በፎገራ ሜዳ ላይ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲታይ ሹፌርን ያታልላል፤ ነገር ግን ከብት የሚነዳው ልጅ፣ ባጃጁና ገበያተኛው ሁሉ የሚጠቀሙት በዚያው አስፋልት ስለሆነ፣ ለአንድ ሰው ደስታ ሲባል የእነርሱን ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ፈጽሞ አይገባም።

መካኒክ፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦው አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ግን ሞተሩ ብዙ አይደክምም። የሚያሳስበኝ ጎማው ነው፤ ጎኑ አጭር ስለሆነ ጉድጓድ ሲያገኘው ቸርኬው በቀላሉ ይጎዳል።

የጣና ዳር ሹፌር፦
ጣሊያን ውስጥም ቢሆን በፈጣን መንገድ የተፈቀደው በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ነው። ወንድምዎ የመኪናውን ሙሉ አቅም ማየት ከፈለጉ እንደ ሞንዛ ባለ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ይሞክሩት።